ከጨንቻ የወረደ ድስት

«እማዬ፣ እሱን ተይው። ልደፋው ነው።»

«ምን ሆነና? የትናንት ወጥ ይደፋል እንዴ?»

እናትየው ከጨንቻ ገና መግባታቸው ነው። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ለልጅ ልጆቻቸው በፌስታል አፕል፣ ትንሽም የደጋ ቅቤ ይዘው ወርደዋል። ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ልጃቸው አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ በሚገኘው ቤቷ፣ ኩሽና ውስጥ የምስር ወጥ ድስት ይዛ ቆማለች። ወጡ ከትናንት ማታ ጀምሮ ክዳኑ ተገጥሞበት ምድጃው ላይ አድሯል፤ ጠዋት ሥራ ስለነበረባት ሳታየው ወጥታለች። አሁን ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል። ክዳኑ ሲነሳ የወጡ ዳር ዳር ጥቃቅን አረፋ ቋጥሯል። እናትየው ጎንበስ ብለው አሸተቱት። የበርበሬና የነጭ ሽንኩርት ሽታ እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

«አንተክትኪው፤ ደህና ነው። እኛ እስከ ሦስተኛው ቀን እንበላው የለ?»

«እዚያ ደጋ ነዋ፣ እማዬ።»

እናትየው ጨንቻ ላይ ልክ ናቸው፤ ልጅቷ ደግሞ ሲቀላ ላይ። ወጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚጠይቅ ሰው አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይጠብቃል። ያ ቁጥር ግን የሚወሰነው በወጡ ብቻ ሳይሆን ድስቱ ባደረበት ቤትም ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። የሚለያያቸው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ የአየራቸው ልዩነት ግን ወደ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ጨንቻ ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ በሚተኛበት ሌሊት ድስቱም ቀዝቅዞ ያድራል። ሲቀላ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ኩሽና ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ሌሊቱም ቢሆን ድስት የሚያቀዘቅዝ አይደለም።

ምግብ ላይ የሚያድጉት ባክቴሪያዎች የሚመቻቸው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ነው። በ35 ዲግሪ አካባቢ ብዙዎቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። አንዲት ባክቴሪያ በዚህ ፍጥነት ብትቀጥል በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ትበልጣለች። በ15 ዲግሪ ግን አንዴ እጥፍ ለመሆን ብቻ ሰዓታት ይፈጅባታል። ስለዚህ ማታ 1 ሰዓት የወጣ ወጥ ሲቀላ ሲነጋ የሚደርስበት ደረጃ ላይ ጨንቻ የሚደርሰው ምናልባት ቀን ቆጥሮ ነው። የእናትየው ሦስት ቀን ከዚህ የመጣ ነው። በዕድሜ ልክ ልምድ የተገኘ እውነተኛ እውቀት ነው፤ የተገኘው ግን ብርድ ቦታ ላይ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር መዝገቡና ጸሐፊው ብቻ አልወረዱም፤ ቤተሰቡም ከነጓዳው ወረደ። ከዚያ ወዲህም ከዶርዜ፣ ከቦንኬ፣ ከቁጫ፣ ከዲታ ለሥራና ለትምህርት የወረደው ሕዝብ ከተማዋን ሞላት። ሰው ቆላ ሲገባ አጎበር ይሰቅላል፣ ልብሱን ያቀላል። የምግብ ማቆያ ልማዱን ግን እንደነበረ ይዞት ይቀጥላል፤ ምክንያቱም ማንም «ይህን ለውጥ» አላለውም። ወባ እንዳለ ሁሉም ይነገረዋል፤ ድስቱም ቆላ መግባቱን ግን የሚነግረው የለም።

አፍንጫ የማያውቀው

ብዙዎቻችን ምግብ የምንመረምረው በማሽተት ነው። አፍንጫ የሚለየው ግን መበላሸትን ነው፤ የሚያሳምመው ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። ምግብን የሚያጎመዝዙት፣ የሚያልጉትና የሚያገሙት ተህዋስያን ብዙውን ጊዜ ሰውን አይጎዱም። ሳልሞኔላን የመሳሰሉት ደግሞ የምግቡን ሽታም ሆነ መልክ ሳይለውጡ ለማሳመም የሚበቃ ቁጥር ላይ ይደርሳሉ። የሸተተ ምግብ መድፋት ትክክል ነው። ያልሸተተው ሁሉ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም፤ በተለይ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማና በርበሬ የበዛበት ወጥ ሽታን በደንብ ይሸፍናል።

እናትየው ያሉት «አንተክትኪው» ግማሽ እውነት አለው። ጠዋትና ማታ ወጥን ማንተክተክ የቆየ ጥበብ ነው፤ በየ12 ሰዓቱ ያደገውን ባክቴሪያ ይገድላል። ደጋ ላይ በሁለቱ ማንተክተኪያ መካከል ብዙ ስለማያድግ ሥርዓቱ ይሠራል። ቆላ ላይ ግን 12 ሰዓት በጣም ረጅም ነው። ደግሞም ሙቀት ሁሉንም አይገድልም። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖር የተባለ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ መፍላትን ያልፋል፤ ድስቱ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃና በ45 ዲግሪ አካባቢ በየ10 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ለሠርግ ወይም ለተዝካር በጎላ የተሠራ ወጥ መሐሉ እስኪበርድ ግማሽ ሌሊት ይወስዳል፤ ከድግስ ማግስት ብዙ ሰው በአንዴ ሆዱን የሚታመመው አንዳንዴ በዚህ ነው። ወጡን ገና ትኩስ ሳለ ሰፋ ባሉ ሳህኖችና ትሪዎች ስስ አድርጎ መበተን፣ ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ማማሰል ይህን ሰዓት በብዙ ያሳጥረዋል።

ከዚህ የባሰው መርዙን ምግቡ ውስጥ ትቶ የሚሄደው ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ በሩዝ፣ በማካሮኒና በፓስታ ላይ ማደግ ይወዳል። ባክቴሪያው ራሱ በእሳት ቢሞት እንኳ የተወው መርዝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤልጅየም አንድ የ20 ዓመት ተማሪ ኩሽና ውስጥ 5 ቀን የቆየ ስፓጌቲ አሙቆ በላ፤ በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። ጉዳዩን ሐኪሞች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2011 በሳይንስ መጽሔት አሳትመውታል። እንዲህ ያለ ሞት እጅግ ብርቅ ነው። የቤልጅየም ኩሽና ግን ከሲቀላ ኩሽና ይቀዘቅዛል፤ በአርባ ምንጭ ደግሞ ለትምህርት በወጡ ወጣቶች ኪራይ ቤቶች ውስጥ ፓስታና ሩዝ የዕለት ምግብ ሆነዋል። አያቶቻችን ሽሮን ያውቁታል፣ ቆጮን ያውቁታል፤ ያደረ ፓስታን ጠባይ ግን ሊያስተምሩን አይችሉም፤ እነሱ ጓዳ አልነበረማ።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት እንዳይቀመጥ ነው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቦታ የአሜሪካ የምግብ ባለሥልጣናት ይህን ወደ 1 ሰዓት ያወርዱታል። በጥርና በየካቲት ከሰዓት በኋላ የአርባ ምንጭ ኩሽና ከ32 ዲግሪ በታች የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ምሳ በልቶ «ማታ ይሞቃል» ብሎ ሽሮውን ምድጃ ላይ መተው በዚህ ከተማ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉድጓድ ውስጥ ያለው እውቀት

ይህን ስል የደጋው እውቀት ያረጀ ነው ማለቴ አይደለም። ጨንቻና ዶርዜ ላይ ያሉ እናቶች ያለ ፍሪጅ ምግብን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የሚያቆዩበትን መንገድ ይዘዋል፤ እሱም እንሰት ነው። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚደገፈው በዚህ ተክል ነው።

ቆጮ ለመሥራት የእንሰቱ ግንድ ይፋቃል፣ ሥሩ ይቀጠቀጣል፣ አንድ ላይ ተደባልቆ በእንሰት ቅጠል ወደተነጠፈ ጉድጓድ ይገባል። ከላይ በቅጠል ይሸፈንና ድንጋይ ይጫንበታል። ድንጋዩ ዋና ሥራ አለው፤ አየሩን አስወጥቶ ሊጡን ያጠብቀዋል። አየር በሌለበት ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ይነግሣሉ፣ ሊጡም እያደር ይጎመዝዛል። ጉምዘዛው በቂ ሲሆን በሽታ አምጪዎቹ መኖር አይችሉም። ቆጮ የሚቆየው ብርድ ስላለ ብቻ አይደለም፤ አሲድ ስላለውና አየር ስለሌለው ነው። ብርዱ ሂደቱን ያዘገየዋል፤ ቆላ ላይ በሳምንታት የሚደርሰው ደጋ ላይ ወራት ይፈልጋል።

አንዲት ባለ ልምድ እናት ጉድጓዱን ስትከፍት የምታደርገውን ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። መጀመሪያ ቅጠሉን ታያለች፤ የበሰበሰውን አውጥታ በአዲስ ትለውጠዋለች። የላይኛው ንብርብር ጠቁሮ ወይም ሻግቶ ከሆነ ገፍፋ ትጥለዋለች፣ ቆንጥራ አትሞክረውም። ቀጥሎ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ትጨብጣለች፤ ሙቀቱን፣ ልስላሴውን፣ በጣቶቿ መሐል የሚወጣውን ውኃ ትለካለች። ለዕለቱ የሚበቃትን ብቻ ታወጣና ወዲያው መልሳ ትረግጠዋለች፣ ድንጋዩንም ትመልሳለች። ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ይህች እናት የማቆያን ሕግ ሁሉ ታውቃለች፦ አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀት፣ ጎምዛዛነት፣ የእጅ ፍጥነት። ያንኑ ቆጮ ልጇ ሲቀላ ወስዳ በፕላስቲክ ጠቅልላ መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጠው ሕጉ ይፈርሳል፤ አየር ይገባዋል፣ ይሞቃል፣ ላብ ይቋጥራል፣ በጥቂት ቀን ሻጋታ ይለብሳል። ከተማ የገባ ቆጮ በደንብ ተጨምቆ፣ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ውስጥ ቢገባ ይሻለዋል።

በዚሁ መንገድ ሌሎቹን የጓዳችንን ምግቦች ብንመለከት ለምን እንደሚቆዩ ይገባናል። ቋንጣ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ውኃ የላቸውም። የተነጠረ ቅቤ ውኃውና አጓቱ ወጥቶለታል። እርጎ ጎምዛዛ ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ የሌለው ምግብ ሁሉ፣ ያው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተሠራ ኩርኩፋ፣ የዕለት ምግብ ነው። ቦርዴም እየፈላ ሳለ የሚጠጣ ነው፤ በማግስቱ ሌላ ነገር ይሆናል።

ከጫሞ ዓሣ፣ ከላንቴ ሙዝ

የአርባ ምንጭ ስም ከዓሣ ጋር የታሰረ ነው። ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች የወጣ ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች በከተማዋ ምግብ ቤቶች ኮተሌትና ጉላሽ ሆኖ ይቀርባል፤ በዐቢይ ጾምም ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ስለሚኖሩ ፈላጊው ይበዛል። ዓሣ ከሥጋ ሁሉ ፈጥኖ ይበላሻል። በዚህ ከተማ ሙቀት ከውኃ የወጣ ዓሣ ሳይቀዘቅዝ ግማሽ ቀን ከቆየ መተው ይሻላል።

ገዢ እንዲህ ብሎ ሊመርጥ ይችላል። ዓይኑ ጎላና ጠራ ያለ መሆን አለበት፤ የጎደጎደና የደፈረሰ ዓይን ጊዜ እንዳለፈው ይናገራል። ስንጥቡን ከፈት አድርጎ ማየት፤ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቡናማና ልጋግ የያዘ ከሆነ አይደለም። ሥጋውን በጣት ጫን ሲሉት መልሶ መነሳት አለበት። የተሞሸለቀና የተሰነጠቀ ዓሣ ሲገዙ ግን ዋናዎቹ ምልክቶች ተነሥተዋል፤ ቀሪው መለኪያ «ወንድሜ፣ ይኼ መቼ ወጣ? በረዶ ነበረው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚታፈርበት ጥያቄ አይደለም።

በረዶን በተመለከተ አንድ ደስ የሚል እውነት አለ። ሞቃት ውኃ ውስጥ የኖረ ዓሣ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ከኖረው ይልቅ በበረዶ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል። ምክንያቱም ገላው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ሙቀት የለመዱ ናቸውና ብርዱ ያደነዝዛቸዋል። ሆዱ የጸዳ ቆሮሶ ወዲያው በበረዶ ተቀብሮ ቢቆይ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ለጫሞ ዓሣ በረዶ ይህን ያህል ውለታ የሚውልለት ከሆነ፣ ሐይቁ ዳር ያለ በረዶ ማምረቻ ለዓሣ አስጋሪውም ለበላተኛውም ከብዙ ምክር የሚበልጥ ነገር ነው። ቤት የገባው ዓሣ ግን በተለመደ ፍሪጅ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ቀን ቢቆይ ነው።

ከዓሣ ቀጥሎ አርባ ምንጭን የሚያስጠራው ሙዝ ነው። በከተማዋ አቅራቢያ ካሉት ከላንቴና ከጫኖ በጭነት መኪና ተሞልቶ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ብርድ ይጎዳዋል፤ ፍሪጅ ውስጥ የገባ ሙዝ ልጣጩ የሚጠቁረው በዚህ ነው። የበሰለ ሙዝ ልጣጩ ቢጠቁርም ሥጋው ይበላል፤ ጥሬው ግን ከተጎዳ በኋላ በደንብ አይበስልም። እናትየው ከጨንቻ ያመጡት አፕልም እዚህ ላይ ጉዳይ አለው። አፕል ሲበስል ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም ሙዝን ያበስላል። የጨንቻን አፕልና የላንቴን ሙዝ በአንድ ቅርጫት ያስቀመጠ ሰው ሙዙ በሁለት ቀን ቢጠቁርበት ሊደነቅ አይገባም። ጥሬ ሙዝ ቶሎ እንዲደርስለት የፈለገ ደግሞ ሆን ብሎ አንድ ላይ በፌስታል ቢያደርጋቸው ይጠቅመዋል። የጨንቻ ድንች ግን ጨለማ ይፈልጋል። ብርሃን ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ባለበት የሚፈጠረው መራራ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም።

ሻጋታ ያለው እንጀራ፣ ያልደረቀ በቆሎ

እንጀራ በክፍል ሙቀት 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል የሚባለው በአመዛኙ የአዲስ አበባን አየር በማሰብ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዘውዱ አሻግሬና ዳዊት አባተ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት እንጀራን የሚያሻግቱት በዋናነት ፔኒሲሊየም፣ አስፐርጂለስና ራይዞፐስ የተባሉ ሻጋታዎች መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ማቆያ ንጥረ ነገር ሲጨመርበትም እስከ 12 ቀን ሊቆይ እንደሚችል። ቤት ውስጥ ግን ዋናው ዘዴ ሳይበርድ አለመደራረብ ነው። ትኩስ እንጀራ ላዩ ላይ ሌላ ትኩስ ሲጫንበት ላቡ መሐል ይቀራል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል።

ሻጋታ ሲታይ ያንን ቦታ ቀዶ ሌላውን መብላት ልማድ ነው። እንጀራ ዓይናም ስለሆነ ከላይ ነጥብ ሆኖ የሚታየው ሻጋታ ከሥር ክሩን ሰድዷል፤ ከሥሩ ያለውም ተነክቷል። ድርቆሽ ለማድረግ ያሰበ ሰውም እንጀራው ደህና ሳለ ማድረቅ አለበት። የሻገተ እንጀራ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ሻጋታው ይደርቃል እንጂ ትቶት የሄደው መርዝ አይወጣም።

ይህ መርዝ ቀልድ አይደለም፤ ከሁሉ የሚከፋው አፍላቶክሲን ነው፣ በብዛት የሚገኘውም በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ ነው። በጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 እርጥብ ሆኖ ቤት ውስጥ የተከማቸ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ 125ቱን ገደለ። የጋሞ ቆላ የበቆሎ አገር ነው። አፍላቶክሲን በመቀቀልም በመጋገርም አይጠፋም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ በቆሎው ጆንያ ከመግባቱ በፊት የሚሠራ ነው። ለዚህ ማንም ሊሞክረው የሚችል መንገድ አለ። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት የበቆሎ ፍሬና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ፣ ከድኖ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወዝወዝ ማድረግና ትንሽ ማቆየት ነው። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፣ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሳይጣበቅ ከረገፈ ሊከማች ይችላል። ጆንያውም መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የሻገተውን ለዶሮ መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ ዶሮዋን ይጎዳታል።

መብራት ሲጠፋ

ፍሪጅ ያለው ቤት ችግሩ የተቃለለ ይመስለዋል፤ የተቃለለው ግን መብራት እስካለ ድረስ ነው። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ብርዱን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ጢም ብሎ የተሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት። «እስቲ ልየው» ብሎ በየሰዓቱ መክፈት ይህን ሁሉ ያሳጥረዋል። ቤተሰቡ ሰንብቶ ሲመለስ መብራት ጠፍቶ እንደነበር የሚያውቅበት ቀላል ዘዴም አለ። በብርጭቆ ውኃ አቀዝቅዞ ከበረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ፍሪዘር ውስጥ መተው ነው። ሲመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ደህና ነው፤ ወደ ታች ሰምጦ በረዶው በላዩ ከረጋ፣ ፍሪዘሩ ቀልጦ ተመልሶ ነው የረጋው። ያን ጊዜ ውስጡ ያለው ሥጋና ዓሣ ጠንካራ መስሎ ቢታይም አይታመንም።

በሚሠራ ፍሪጅ የበሰለ ወጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ ማቆየት የፈለገ ሰው በመጀመሪያው ቀን ፍሪዘር ውስጥ ያስገባው እንጂ በአራተኛው ቀን አይሁን፤ ፍሪዘር ባለበት ያቆማል እንጂ የተበላሸውን አይመልስም። ይህ በተለይ በዮ ማስቃላ፣ በጋሞ የመስቀል በዓል ሰሞን ይታሰብ። በዚያ ጊዜ ከአዲስ አበባ የተመለሰው ሸማኔ ሳይቀር ጋሞ ሁሉ አገሩ ይገባል፣ ቅርጫው በየመንደሩ ይታረዳል። ደጋ ላይ በጓዳ ተሰቅሎ የሚያድር ሥጋ ሲቀላ ላሉት ዘመዶች ድርሻቸው ተብሎ በሚኒባስ ሲላክ፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ሥጋው ከታረደበት እንጂ ከደረሰበት አይደለም።

የታሸገ ምግብ ላይ ያለው ቀን ሌላ ነገር ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጊዜው ያለፈበትን ምግብ መሸጥ ይከለክላል። ማሸጊያው ላይ የሚታተመው ቀን ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። በገጠር ሱቅ «2018 ገና ነን፣ ይኼ 2025 ይላል፣ ሰባት ዓመት አለው» ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ባለሱቁ ሊነግረው ይገባል። ቀኑ የሚያገለግለውም ማሸጊያው እስካልተከፈተ ድረስ ነው። የተከፈተ የቲማቲም ድልህ ከቆርቆሮው ወደ ጠርሙስ ተገልብጦ ፍሪጅ ይግባ፤ የተከፈተ የካርቶን ወተትም ከዚያ ወዲያ እንደ ማንኛውም ወተት ነው፣ ቀናት እንጂ ወራት የለውም። ያበጠ ቆርቆሮ ግን ቀኑ ምንም ይበል ምን ሳይቀመስ ይጣል።

ለሌላ ሰው የሚተርፈው

ምግብ መድፋት በእኛ አገር ነውር ነው፤ መሆንም አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በ2022 በዓለም ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ እንደባከነ፣ ከዚህም 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት የወጣ እንደሆነ ገምቷል። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በተበከለ ምግብ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፣ 420 ሺህ ይሞታል፤ ከሟቾቹ 125 ሺህ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ላለመድፋት ሲባል ልጅን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ቤት የተረፈውን ለየኔ ቢጤ ወይም ለቤት ሠራተኛ የሚሰጠው ባለቤቱ ሊበላው ሲፈራ ነው፤ በሦስተኛው ቀን። ከሆቴልና ከካፌ የሚወጣው ቡሌም እንዲሁ፤ ከተለያየ ሳህን ተደባልቆ፣ በባልዲ ሆኖ፣ ለሰዓታት ሙቀት ላይ ቆይቶ ነው የተራበው ወጣት እጅ የሚገባው። ያ ወጣት ሆዱ ቢታመም መድኃኒት የሚገዛበት የለውም። ልንሰጥ ከሆነ በዚያው ምሽት፣ ትኩስ ሳለ፣ ከጋራ ሳህን ሳይሆን ከድስቱ ተለይቶ ይሰጥ። ሆቴሎችም ያልተነካውን ምግብ ከተነካው ለይተው በሰዓቱ ቢያወጡ ወጪው ከአንድ ንጹሕ ባልዲና ክዳን አይበልጥም።

ያም ሆኖ ሰው ይታመማል። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሕፃን ኦ አር ኤስ የተባለው የፈሳሽ መተኪያ ካልተገኘለት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው፤ የጡት ወተትም አይቋረጥበት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም አዋቂም ቢሆን ዓይኑ ብዥ ካለበትና መዋጥ ካቃተው ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። እዚያ ሲደርሱ ምን እንደበላ ብቻ ሳይሆን ከበላ በኋላ በስንት ሰዓቱ እንደጀመረው መናገር ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። ከ1 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ የመጣ ብርቱ ትውከት አስቀድሞ ምግቡ ውስጥ የነበረ መርዝን ያመለክታል፤ ከ8 እስከ 16 ሰዓት የመጣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ቀስ ብሎ የበረደ ድስትን ያስጠረጥራል፤ ሳልሞኔላ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ይፈጃል፣ ታይፎይድ ደግሞ ሳምንትና ሁለት ሳምንት።